የጥላው ጫፍ

«እንዲያው ለነገሩ፣ በዚያ ዕድሜው ጣሪያ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ።

«ዝም በይ፣ ልጂቱ ትሰማለች» አለች አክስት።

ልጂቱ ሰምታለች። የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። ብርጭቆዎቹ እንዳይንኳኩ ትሪውን ደረቷ ላይ ደገፍ አደረገችው። ብትመለስ መስማቷን ያውቃሉ፤ ብትገባ ወሬው ወደ ጉንፋንና ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። ስለዚህ ቆመች።

«እኔ ምን አልኩ?» ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የእሷ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ከሌላው ሰው ጨዋታ አያንስም፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲጮህባት ስለሚውል ማንሾካሾክ አይሆንላትም። «ብርድ ሲገባ እንዴት እንደሚሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚከርመው። አይላጭ፣ አይጫወት። እንግዲህ ያ ሰው ድንገት ተነስቶ ጣሪያ ላይ ወጣ። ደግሞ መሰላሉ አልተንሸራተተ፣ እንደቆመ ነው የተገኘው። ሰው ብቻውን እንዲህ ሲሆን...»

«በቃ አልኩሽ።»

ልጂቱ ትሪውን ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ ተቀበለቻት። «ነይ የኔ እናት፣ አንቺ ምን አደከመሽ? እኛ ለምን ተቀመጥን?» አለቻት፤ ዓይኗ እውነተኛ እንባ አቅርሯል። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ንግግሯን ንቆ ማለፍ ይቻል ነበር።

አባቷ ግንበኛ ነበር። ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ ሰው ቤት ገብቶ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ሳያቃና ሻይ አይቀምስም። እሷን «ቱምቢ» ብሎ የሰየማት እሱ ነው፤ በሲባጎ ተንጠልጥሎ ግድግዳ መቅናቱን በሚለካው ብረት ስም፣ በልጅነቷ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ አልወርድም ስለምትል። ሩቅ አገር ተምራ ተመልሳ የውሃ መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ስትቀጠር፣ «አባት ውሃ ልክ፣ ልጅ ውሃ መርማሪ። አሁን የቀረን ውሃው ነው» ብሎ ነበር። ያን ሰሞን የሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ ነበር።

ከትናንት ወዲያ ማለዳ ላይ፣ ወንድሟ ሊያገባ ሲል በግቢው ምሥራቅ በኩል ካሠራው ክፍል ጣሪያ ላይ ወደቀ። እናቷ ድምፅ ሰምታ ከወጥ ቤት ስትወጣ መሰላሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እሱ ሥሩ ተኝቷል። ትናንት ቀበሩት።

ነገ ደግሞ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ቀን ነው። ይህን በቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አላነሳም። ቱምቢ ግን ከቀብር ስትመለስ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

ትሪውን ባዶ አድርጋ ወደ ግቢው ወጣች። ለእንግዳ ተብሎ ከአዲሱ ክፍል ጣሪያ ጠርዝ እስከ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ከሸራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ሰማያዊ ነው። በወንበሮቹ መሐል፣ ከሲሚንቶው ወለል ተነስቶ ወገብ የሚደርስ ብረት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዱ እንግዳ ባርኔጣውን ሰቅሎበታል። ቱምቢ ባርኔጣውን አንስታ ወንበር ላይ አኖረችው። ባለቤቱ አየት አደረጋትና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ብርድ ሲገባ ሲሚንቶ በወጉ አይያዝም፤ ግንበኛ ሥራ ይፈታል። ሌሎቹ ግንበኞች ካርታ ሲጫወቱ ይከርማሉ። አባቷ ግን ቀኑ ባጠረ ቁጥር እሱም አብሮ ያጥር ነበር። መጀመሪያ ጨዋታው ያጥራል፤ ቀጥሎ መልሱ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል፣ ራሱ የለሰነውን ግድግዳ። እናቷ ምግቡን አጠገቡ ታስቀምጥና ልጆቹን፣ «አባታችሁ ራቅ ብሎ ሄዷል። ይመጣል» ትላቸዋለች። እንዲህ ስትል እሱን አታይም፤ በመስኮቱ አሻግራ ግቢው መሐል የቆመውን ብረት ታያለች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። አባት እየተላጨ ነው። ሲሚንቶ የደረቀበትን የሥራ ጫማውን አጥልቆ፣ ነጫጭ ጠጠር የተሞላውን አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ግቢው ውስጥ ይቆማል። «ኑ፣ ዛሬ ይታረቃሉ» ይላል።

የሚታረቁት ቀንና ሌሊት ናቸው። «ሌሊቱ ስንት ወር ሙሉ ሲበድለው ከረመ። ዛሬ እኩል ናቸው። ከነገ ጀምሮ ቀኑ ይበልጣል፤ ሚዛኑ ወደ እኛ ዞሯል።» በመኸር የሚመጣውን ሌላውን እኩል ቀን ግን ከቁጥር አያስገባውም፤ «የሌሊት ወገን ያክብረው» ይል ነበር።

ፀሐይ ከፍ ስትል የብረቱ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የመጀመሪያዋን ጠጠር ያኖራል። ቦታዋን ያውቀዋል፤ ሲሚንቶው ላይ በመሮ ኮከብ የመሰለች ምልክት ፈልፍሎላታል። ከዚያ በኋላ ጠጠር ማኖር የልጆቹ ፈንታ ነው፤ ጥላው በተራመደ ቁጥር ጫፉ ላይ አንድ ጠጠር። በሌላ ቀን ቢሆን ጠጠሮቹ እንደ ቀስት ይለመጣሉ። በዚያ ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ በሲባጎ የተወጠረ የመሰለ። ማታ ላይ አባት ራሱ የመጨረሻዋን ጠጠር አኑሮ ወደ ኋላ ይልና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ከዚያ በጫማው ጫፍ መታ ያደርጋታል። ቀድሞም ቀጥ ብላለች፤ መታ ሳያደርጋት ግን ወደ ቤት አይገባም። በዚያች ማታ እናቷ ሳቅ ትላለች። ቱምቢ ልጅ ሳለች የእናቷ ሳቅ በዓመት አንዴ የሚመጣ ይመስላት ነበር።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ቀን፣ ከተመለሰች ብዙም ሳይቆይ፣ አጠገቡ ቆማ እንዲህ አለችው፦

«አባባ፣ ታውቃለህ? በትክክል ከተለካ ዛሬ እኩል አይደሉም። ብርሃን አየር ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ትታየናለች። እውነተኛው እኩል ቀን ያለፈው ከሦስት ቀን በፊት ነው።»

አባቷ ጠጠር በእጁ ይዞ ነበር። «ከሦስት ቀን በፊት?» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲህ እስከ ዛሬ ስዘገይ ኖሬያለሁ በይኛ» አለና ጠጠሯን አኖረ።

ሲናገር ፈገግ ብሎ ነበር? ፈገግ ብሎ መሰላት። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለችም። ከተመለሰች ወዲህ ስለ ብዙ ነገር እርግጠኛ አይደለችም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ እንኳ አንዱን ናሙና ሁለቴ ሳትመረምር ውጤቱን አትጽፍም። አንድ ነገር ግን ምንም ያህል ደጋግማ ብታሰላው አይለወጥም፤ አባቷ ከጣሪያ የወደቀው ከነገው ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ ነው። እሷ በነገረችው ቀን።

ልብስ ሰፊዋ ይህን አታውቅም። ብታውቅ ምን ልትል ነበር?

«አንቺ ቱምቢ፣ ቆመሽ አትቅሪ፣ ወንበር አለልሽ» የሚል ድምፅ መጣ። የአባቷ የሥራ ጓደኛ አናጢው ናቸው። በሸራው ጥግ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ አጠገባቸው ላለው ሰው ስለ ሟቹ ያወራሉ። «ሁልጊዜ ይሰድበኝ ነበር። ‹የግንበኛን ስህተት ልስን ይሸፍንለታል፣ የናንተን ግን ማን ይሸፍንላችኋል?› ይለኛል። ‹ማስቲሽ› እለዋለሁ። ‹አይ ማስቲሽ፣ እንዲያውም እናንተ ማስቲሽ ውስጥ ትንሽ እንጨት የምትጨምሩ ናችሁ› ይለኛል።» ሰውየው ሳቀና የት እንዳለ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ። አናጢውም ሳቁ፤ ወዲያው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ቱምቢ አጠገባቸው ልትቀመጥ ስትል ዓይኗ ሸራው ከጥጉ ምሰሶ ጋር የታሰረበት ላይ አረፈ። ሸራው በየቦታው በነጭ የናይሎን ገመድ ነው የታሰረው። እዚህ ጥግ ግን በቀይ ሲባጎ ነው። የአባቷ የግንበኛ ሲባጎ።

«ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«የቱን?»

«ሲባጎውን።»

«እ፣ እሱን? እዚሁ ነበር። ሸራ ልንወጥር ስንገባ ግቢው ላይ ተወጥሮ አገኘነው። አላሳልፍ አለን፤ በጠስኩትና ገመድ ያጠረን ጊዜ አሰርንበት። ምነው፣ ጥፋት ሠራሁ?»

«እንዴት ሆኖ ነበር የተወጠረው?»

አናጢው ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ አንዱ ጫፍ እዚህ መሬት ላይ ሚስማር ላይ ታስሯል፤ እዚህች የተፈለፈለች ነገር አጠገብ። ከዚያ በዚህ ብረት አናት ላይ ያልፍና ወደ ላይ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ልብስ ማስጫ መስሎኝ ነበር። ለልብስ ማስጫ ግን ቀጠን ይላል።»

ቱምቢ አንገቷን ቀና አደረገች። ከላይ የሚታየው ሸራ ብቻ ነው።

ወንድሟ ከእንግዳ ሸሽቶ በር ላይ ባቆመው ሚኒባስ ውስጥ፣ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ሞተሩ አይሠራም። እሷ ገብታ ጎኑ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«እስከ መጨረሻው።»

«ትርፍ አንጭንም» አለ። በልጅነታቸው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አንዳቸውም አልሳቁም።

«ጣሪያህ ላይ ወጥተህ ነበር?» አለችው። «ከወደቀ በኋላ።»

መሪውን በአውራ ጣቱ ፈተገ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ወጥቻለሁ። የቆርቆሮ መቀሱን እዚያው አገኘሁት። የጣሪያውን ጠርዝ ቆርጦታል፤ መዳፍ የምታክል። መቀሱን መቀመጫው ሥር ደብቄዋለሁ፣ እዚህ አለ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ክፍሉን ስሠራ ምንም አላለኝም። አንድ ቀን ወጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና ‹ጥሩ ነው፣ ውሃ ልኩን ጠብቋል› አለኝ፣ በቃ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለካ ጠልቶታል። እና ብርዱን ሙሉ በመስኮት ሲያየው ከርሞ፣ ተናዶ ወጥቶ ሊያፈርሰው...»

«ሊያፈርስ የወጣ ሰው መዳፍ የምታክል ነው የሚቆርጠው?»

«እስኪወድቅ የደረሰለት ያን ያህል ነዋ።»

ቱምቢ ስለ ሲባጎው ነገረችው። መጀመሪያ ለእሱ፣ እየተናገረች ሳለ ደግሞ ለራሷ ገባት። አምና ከእርቁ ቀን በኋላ ክፍሉ ከተሠራ ወዲህ የጠዋት ፀሐይ ብረቱ ጋ አይደርስም፤ ጣሪያው ይጋርደዋል። አባቷ ሲባጎውን ከመጀመሪያዋ ጠጠር ምልክት አስነስቶ፣ በብረቱ አናት ላይ አሳልፎ እስከ ጣሪያው ወጥሮታል። ሲባጎው ጣሪያውን የነካበት ቦታ፣ በዚያ ቀን በዚያች ሰዓት ፀሐይዋ የምትቆምበት ነው። እዚያ ላይ ቀዳዳ ከተከፈተላት ጥላው ቦታውን ያገኛል።

«ሊሆን ይችላል» አለ ወንድሟ።

«ነገ ጠዋት ሸራውን እናውርድና እንየው።»

«ባይሆንስ?»

የበሩን እጀታ ያዘች።

«ቱምቢ፣ ብርሃኑ ሌላ ቦታ ቢወድቅስ? ሲባጎው ለሌላ ነገር ቢሆንስ? አሁን ቢያንስ አናውቅም። እኔ አለማወቁን ለምጄው መኖር እችላለሁ።»

«እኔ አልችልም» አለች። ስለ ሦስቱ ቀን ግን አልነገረችውም። ሲባጎው ለየትኛው ቀን እንደተወጠረ ሲባጎው አይናገርም። አባቷ በእሷ ቀን አምኖ፣ የራሱን ቀን ጥሎ ቢሆንስ? ያን ዕለት ጠዋት ጣሪያው ላይ ቆሞ ያየው ነገር፣ ወይም ያጣው ነገር፣ ምን ነበር?

እራት ሲቀርብ አክስት ሐሳቡን ሰማችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሀዘን ቤት ሸራ የሚወርደው በማን አገር ነው? ነገ ከጠዋት ጀምሮ የሩቅ ሰው ይመጣል። የት እናስቀምጠው፣ ሰማይ ላይ? ደግሞ ሰው ምን ይላል? ‹ገና አፈሩ ሳይደርቅ ቤቱን አጸዱ› ይላል።»

«ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ለምን ተብሎ?»

ቱምቢ ወንድሟን አየች፤ ወንድሟ ሳህኑን። ማን አፉን ሞልቶ «አባታችን ራሱን ጥሎ ይሁን አዳልጦት ለማወቅ» ይበል? እናታቸው እዚያው፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እሱ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጣለች። ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አክስት የሟቹን የሥራ ጫማ ከደጃፉ ልታነሳ ስትል፣ «እዚያው ይሁን» ብላ ነበር።

«አውርዱት» አለች አሁን።

«እንዴ፣ አንቺ...»

«ካገባኝ ጀምሮ በዚህ ቀን ግቢው ተሸፍኖ አያውቅም።» ድምፅዋ ሻክሯል። «ደግሞ የሚያንሾካሹኩትን የማልሰማ ይመስላችኋል? ሀዘን ጆሮ አይደፍንም። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አክስት ማንኪያዋን መልሳ አነሳች፤ አልበላችበትም።

ጎህ ሲቀድ አናጢው የራሳቸውን መሰላል በትከሻቸው ይዘው መጡ። «የግንበኛ መሰላል አላምንም» ቢሉም ሲቀልዱ አልነበረም። ወንድሟ ወጥቶ ሸራውን ከጣሪያው ጠርዝ ፈታው። ቆርቆሮው ላይ ስስ አመዳይ ነበር፤ እግሩ ሁለት ጊዜ አዳለጠውና ጠርዙን ይዞ ቆመ። ሲወርድ ፊቱ ነጭ ሆኗል። የጫማውን ሶል ገልብጦ ለእህቱ አሳያት። እርጥብ ነው።

ይህ አንዱን ነገር ሊያስረዳ ይችላል። ሁሉን ግን አያስረዳም።

ሸራው ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ሲቀመጥ ሰማዩ ታየ፤ ደመና አለበት። ከጣሪያው ጠርዝ የተቆረጠችው ቦታ ታየች፣ በጥርስ የተገመጠች የመሰለች። እናቷ የጠጠሩን ቆርቆሮ ጭኗ ላይ አድርጋ በወንበር ተቀመጠች። አክስት ፎጣ ለበሰችና ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ስትገባ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ሲያዩ አገኘቻቸውና ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አንሾካሾከች፦ «ምን ሆናችኋል?»

«ፀሐይ እየጠበቅን ነው» አሉ አናጢው።

ከአዲሱ ክፍል ጀርባ ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ግቢው በሙሉ በጣሪያው ጥላ ውስጥ ነው። ቱምቢ ብረቱን፣ ከብረቱ ምዕራብ ኮከብ የመሰለችውን ምልክት፣ ከምልክቷ ጣሪያውን እየተመላለሰች አየች። እጇን በርዷታል፤ ብብቷ ውስጥ ወተፈችው።

መዳፍ የምታክል ብርሃን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወደቀች።

ብርሃኗ ከግድግዳው ላይ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች፣ ወደ ጎንም እያጋደለች። በጣም ወደ ጎን ያለች መሰላት። በዚህ አካሄዷ ምልክቷን በክንድ ርቀት ስታ ታልፋለች። ቱምቢ በልቧ መስመር ልታወጣ ሞከረች፤ አቃታት። አንድ ጊዜ የምትደርስ ይመስላል፣ አንድ ጊዜ የምትስት። ብርሃኗ መሬት ልትነካ ስትል ደመና መጣና ጠፋች።

«እንግዲህ» አለች አክስት፤ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ሳበች።

ጠበቁ። የልብስ ሰፊዋ ዳቦ ጨርቁ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ቱምቢ ደመናው እንዲቆይ የምትመኝ መሆኗን ስታውቅ ደነገጠች። ወንድሟ እውነቱን ነው፤ አለማወቅም ቤት ነው፣ ይኖሩበታል።

ደመናው ሲገለጥ ግቢው ላይ አንድ ነገር በራ።

ብርሃኗ መሬት ላይ ነበረች። መሐሏ ላይ የብረቱ አናት ጥላ፣ ድፍን፣ ጥቁር፣ ልክ እንደ ጣት ጫፍ። የጣቱ ጫፍ ያረፈው ኮከቧ ላይ ነው። አጠገቧ ሳይሆን ራሷ ላይ። አባቷ ባለፈው ዓመት፣ ካቻምናም፣ ከዚያ በፊትም ጠጠር ያኖረባት ቦታ ላይ። ከሦስት ቀን በፊት ቢሆን ፀሐይዋ ዝቅ ትል ነበር፤ በዚያች ቀዳዳ ገብታ እዚህ ልትደርስ አትችልም። ቀዳዳው የተቆረጠው ለዛሬ ነው። ሰውየው በብርዱ መጨረሻ ከአልጋው ጫፍ ተነስቶ፣ ለሚመጣው ቀን ሲያሰናዳ ነበር። ወጥቶ ቆርጦ ጨርሶ፣ ሊወርድ ሲል አመዳዩ አዳለጠው።

«አልሰማኝም» አለች ቱምቢ። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። «ለካ አልሰማኝም።»

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች ነው የሚለውም አልለየላቸውም፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ዳቦውን ጥላ መጥታ አቀፈቻት።

ወንድሟ ከግድግዳው ተነቅሎ መጣና ብርሃኗ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጣሪያውን አየ፣ ብረቱን አየ። «ቢነግረኝ እኮ እኔ እቆርጥለት ነበር» አለ። «እኔ ነኝ መሰላል የምወጣው።»

«መናገር ያውቅ ነበር እንዴ?» አለች እናታቸው። ከወንበሯ ተነስታ ከቆርቆሮው አንዲት ጠጠር አወጣች፤ ጎንበስ ብላ ኮከቧ ላይ አኖረቻት። ቀና ለማለት የልጇን ትከሻ ተደገፈች። «ይህን አባትህ ሠርቶታል። ክፍልህን ጠልቶት አይደለም፤ ወድዶት ነው ያላፈረሰው። ጠልቶት ቢሆንማ እኔ አላርፍም ነበር፣ ብርዱ ሳይገባ ጆሮዬን ይበላው ነበር።»

አናጢው ወደ ላይ አንጋጠው የተቆረጠውን ጠርዝ መረመሩ። «መቀስ አያያዙ አያምርም» አሉ። «ቦታው ግን...» መሐረባቸውን አወጡ።

ሸራውን ያን ቀን መልሶ የወጠረ የለም። የሩቅ ሰው መጣ፤ አክስት ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ አደረገችና መሐሉን ባዶ ተወችው። «በዚያ በኩል እለፉ፣ ጠጠር አለ» ትላለች ለገባ ሁሉ፣ በቤቱ ውስጥ ከጥንት የነበረ ሕግ የምታስከብር ይመስል። እንግዶቹ እየተሻገሩ አለፉ። ጥላው በተራመደ ቁጥር አንዱ ተነስቶ አንድ ጠጠር ያኖራል፤ ወንድሟ፣ አናጢው፣ ባርኔጣውን ብረቱ ላይ ሰቅሎ የነበረው ሰው። ልብስ ሰፊዋም አኖረች፤ ዓይኗ መስመር ማየት ስለለመደ ሁለት ጊዜ አስተካከለቻት። ጣሪያ የሚባል ነገር ዳግመኛ ከአፏ አልወጣም። አንዴ ብቻ ወደ ቱምቢ ጠጋ ብላ፣ «እኔ እኮ አፌ ነው፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ቱምቢ እጇን ያዘቻት።

ፀሐይዋ ወደ ወጥ ቤቱ ጣሪያ ስታዘቀዝቅ ጥላው ረዝሞ የአዲሱ ክፍል ግድግዳ ሥር ደረሰ። መስመሩ ከኮከቧ ተነስቶ ግቢውን በወንበሮቹ መሐል ቀጥ ብሎ አቋርጧል። ወንድሟ የመጨረሻዋን ጠጠር ጫፉ ላይ አኑሮ ወደ ኋላ አለ። ሁሉም ጠበቀ፤ ምን እንደሚጠብቅ የሚያውቁት ግን ሦስት ናቸው። እናት ልጇን አየቻት።

ቱምቢ ወደ ደጃፉ ሄደች። የአባቷን የሥራ ጫማ፣ የቀኙን ብቻ፣ አጠለቀች። ሰፊ ነው፤ ውስጡ ቀዝቅዟል፤ ሶሉ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ። አንዱን እግር እየጎተተች፣ በመስመሩ ጎን ጎን እስከ ግድግዳው ሄደች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ጠጠሯ ቀጥ ብላለች።

በጫማው ጫፍ መታ አደረገቻት።